የማይታየው ጨረር ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

አንድ የክፍል ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ደረቱን ራጅ ተነሥቶ ሲመለስ፥ ከጎኑ ለመቀመጥ የፈራን ተማሪዎች ነበርን። «ጨረሩ በሰውነቱ ውስጥ ስላለ ወደ እኛ ይተላለፋል» ብለን ነበር። ልጁ ያን ዕለት ብቻውን ተቀምጦ ዋለ። መምህራችን ነገሩን ካስረዱን በኋላ ታሪኩን ባነብ፥ ይህን ትምህርት ለመረዳት የተቸገርን እኛ ብቻ አለመሆናችንን ስላየሁ፥ ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ከተማ፥ አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ፥ ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ ሳለ ራቅ ብሎ የነበረ መድኃኒት የተቀባ ወረቀት ሲያበራ አየ። የጨረሩን ምንነት ስላላወቀ፥ በሒሳብ ያልታወቀው ቍጥር እንደሚጠራበት «ኤክስ» አለው። በዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ ቢያነሣ፥ አጥንቷና ቀለበቷ በግልጥ ታየ። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ይህ ጨረር የኤሌክትሪኩ ቁልፍ ሲዘጋ እንደ መብራት ወዲያው ይጠፋል። ከፊሉ ሥጋን አልፎ ይሄዳል፥ ከፊሉም በአጥንት ይዋጣል፤ የተነሣው ሰው ግን ራሱ የጨረር ምንጭ አይሆንም። እንግዲህ ፍርሃታችን ከንቱ ነበር።

ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር በ1898 ያገኙት ራዲየም ግን ከዚህ ይለያል። ጨረሩ ከራሱ ከአቶሙ ስለሚወጣ የሚዘጋ ቁልፍ የለውም፤ የሚቀንሰው በጊዜ ብቻ ነው። ራዘርፎርድ በ1900 ከቶሪየም የሚወጣው ጋዝ በየአንድ ደቂቃው ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ አስታወቀ። «ግማሽ ዕድሜ» የሚባለው ይህ ነው። ለእንቅርት ዕጢ ሕክምና የሚሰጠው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ያህል ነው። ብዙዎቻችን «እንግዲያው በ16 ቀን ያልቃል» ብለን መልሰን ተሳስተናል፤ በ16 ቀን ሩቡ፥ በ24 ቀን ስምንተኛው እጅ ገና አለ። ይህን መድኃኒት የወሰደ በሽተኛ ለጥቂት ቀናት ከሰው ራቅ እንዲል ሐኪም ያዝዘዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን የሚለይ ግን ዕውቀት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነገር ነው። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ቱቦዎቹን ሲፈትን እጁን ደጋግሞ በጨረሩ ፊት ያኖር ነበር። ጨረሩ አይታይም፥ ሲነካም አያቃጥልም። በኋላ ግን እጆቹ ቈሰሉ፤ ክንዶቹ ተቈርጠው በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም ሥራውን ተወ። ዛሬ የምንማረው ልኬት ምክንያቱን ያስረዳል። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎግራም ሥጋ ላይ አንድ ጁል ኃይል ማረፉ ነው። መላ ሰውነቱ ባንድ ጊዜ 4 ግሬይ ያረፈበት ሰው ካልታከመ ለሞት ይሰጋል፤ የሰውነቱ ሙቀት ግን ከአንድ ዲግሪ ሺሕኛውን ያህል ብቻ ቢጨምር ነው። ጉዳቱ በሙቀት ሳይሆን፥ ጨረሩ ኤሌክትሮንን ከአቶም እየነቀለ የሕዋስን ዲ ኤን ኤ በመስበሩ ነው። ለደረት ራጅ የሚበቃው መጠን ግን ከዚህ እጅግ በጣም ያነሰ ነው።

በ1936 በሐምቡርግ በጨረር ሥራ ለሞቱት ሐኪሞችና ሊቃውንት መታሰቢያ ሐውልት ሲቆም፥ 169 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚጠይቁት መምህር አልነበራቸውም፤ መልሱን ያገኙት በገዛ ሥጋቸው ነው። እኛ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ፥ እጃችንን በማውጣት ብቻ እናገኘዋለን። «መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል» ይባላል። ያን ዕለት አንዳችን እንኳ ጠይቀን ብንሆን ኖሮ፥ ጓደኛችን ብቻውን ተቀምጦ ባልዋለም ነበር።