አርነት ወጥቶ ወዴት ገባ? የነጻነት ትርጉም በታሪክ፣ በሕግና በኅብረተሰብ



“ነጻነት” የሚለውን ቃል በየዕለቱ እንሰማዋለን። ፖለቲከኛው ስለ መብት ሲናገር ይጠቀምበታል፤ ወጣቱ “አትቆጣጠሩኝ” ሲል ይጠራዋል፤ ሰባኪውም ከኃጢአት ስለ መፈታት ሲያስተምር በዚሁ ቃል ይናገራል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም ትርጉሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቃሉን በታሪክ፣ በሕግና በኅብረተሰብ ውስጥ ከተመለከትን በኋላ ይህ ሁሉ ለእኛ ለአማኞች ምን እንደሚል እንጠይቃለን።

1. ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ለዚህ ሐሳብ ሁለት ቃላት እናገኛለን፦ “አርነት” እና “ነጻነት”። አርነት የባርነት ተቃራኒ ነው፤ ጌታ የነበረው ሰው ከጌታው እጅ መውጣቱን ያመለክታል። “ነጻ” የሚለው ግን መንጻትንም ይጨምራል። ለምጻሙ በጌታ እጅ በተዳሰሰ ጊዜ ከለምጹ “ነጻ” እንላለን (ማቴ. 8፥3)። ጥፋት ያልተገኘበት ተከሳሽም ከፍርድ ቤት “ነጻ ወጣ” ይባላል።

ሁለቱም ቃላት “ወጣ” ከሚለው ግስ ጋር እንደሚሄዱ ልብ በሉ። አርነት ወጣ፣ ነጻ ወጣ እንላለን። ከአንድ ስፍራ የወጣ ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ስፍራ መግባቱ አይቀርም። እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ፈርዖንን ሕዝቡን እንዲለቅቅ ሲያዘው፣ የሚለቀቁበትን ምክንያትም አብሮ ተናግሯል፤ እርሱን እንዲያገለግሉት ነው (ዘጸ. 8፥1)። ስለዚህ ስለ ነጻነት ስንናገር ሁለት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባናል። ሰውየው ከምን ወጣ? ወደ ምንስ ገባ?

2. ነጻነት በታሪክ

በብሉይ ኪዳን ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው አርነት ይወጣ ነበር (ዘጸ. 21፥2)። ጌታው ባዶ እጁን እንዳይሰድደው፣ ከመንጋውና ከአውድማው እንዲሰጠውም ታዝዟል (ዘዳ. 15፥13-14)። የተፈታ ሰው የሚበላውና የሚጀምርበት ነገር ከሌለው ነገ ተመልሶ ራሱን ይሸጣልና። በኀምሳኛው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ እያንዳንዱ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር (ዘሌ. 25፥10)።

በሐዋርያት ዘመን በነበረው የሮም ሥርዓት ደግሞ ነጻ የወጣ ባሪያ ለቀድሞ ጌታው አክብሮትና አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ይኖርበት ነበር። ጳውሎስ በጌታ የተጠራ ባሪያ የጌታ ነጻ ሰው እንደ ሆነ ሲጽፍ (1ቆሮ. 7፥22) አንባቢዎቹ ይህን ግዴታ ያውቁት ነበር። ከእንግዲህ የሚታዘዙለት ነጻ ያወጣቸው ክርስቶስ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ እናገኛለን። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገደማ በኢሉባቦር ምድር ተወለደ፤ የሕፃንነት ስሙ ሂካ ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዛዊ ነጻ አወጣው። የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ተቀብሎ አስተማረው። እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ የተሰጠው ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው የአናሲሞስ ስም ነው፤ ትርጉሙም “ጠቃሚ” ማለት ነው።

ኦኔሲሞስ ነጻ ከወጣ በኋላ ለራሱ ብቻ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ ሙሉው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በዚህ ሥራ ብዙ የረዳችው አስቴር ጋኖም በባርነት ተወስዳ ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምት ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ድረስ ሕዝቡን አገለገለ። ተሽጦ ወደ ወጣበት ምድር ወንጌል ይዞ ገባ።

3. ነጻነት በሕግ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1924፣ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። የባርነት ሕጋዊነት ሙሉ በሙሉ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያረጋግጣል።

ሕግ ታላቅ ስጦታ ነው፤ ልናከብረውና ልናመሰግንበት ይገባል። ነገር ግን የተጻፈ ሕግ ሁሉ የተኖረ ሕግ አይደለም። ይህን እኛ ወንጌላውያን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 በሕግ መሠረት በሚፈጸም የሃይማኖት ሥርዓት ጣልቃ እንደማይገባ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1967 ሕጋዊ እውቅና ጠይቃ ተከለከለች። በደርግ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ፤ በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ በሹክሹክታ የጸለዩት ወላጆቻችን ነጻነት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ያውቃሉ።

4. ነጻነት በኅብረተሰብ

አዋጅ ሰንሰለትን በአንድ ቀን ይቈርጣል። የሰውን ዐይን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም። የ1942ቱ አዋጅ ከወጣ ከሰማንያ ዓመታት በላይ አልፏል፤ ሆኖም በአንዳንድ አካባቢዎች የቀድሞ ባሮች ልጅ ልጆች ዛሬም “የባሪያ ዘር” እየተባሉ በጋብቻ ይገለላሉ። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩም እንዲሁ ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ሥራቸውን የሚገዛ ሁሉ ልጁን አይሰጣቸውም።

ሌላም አለ። ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ ከሄዱት እኅቶቻችን ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው እጅ ተይዞባቸው ከቤት መውጣት ተከልክለዋል። ይህን ስንሰማ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በእኛ ቤት የምታገለግለው ልጅ ደመወዟ በጊዜው ይከፈላታል? የዕረፍት ቀን አላት? እሑድ እኛ ስንዘምር እርሷ ወጥ ቤት ትቀራለች?

5. ቤተ ክርስቲያንስ?

ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው መልእክት አስይዞታል። ፊልሞና ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን ከባሪያ እንደሚበልጥ፣ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል (ፊልሞ. 16)። ዕዳ ካለበትም እርሱ ራሱ እንደሚከፍል ይጽፋል (ፊልሞ. 18-19)። በሮም ሕግ መሠረት አናሲሞስ ገና ባሪያ ነበር። በፊልሞና ቤት ይሰበሰብ በነበረው ጉባኤ ግን ወንድም ሊሆን ይገባው ነበር። ወንጌል የሰውን ልብ ለመለወጥ የአገርን ሕግ አይጠብቅም ማለት ነው።

በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጧል። ሕጉ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ወደኋላ የሚቀረው የእኛው ጉባኤ ነው። ከአንድ ጽዋ የጌታን እራት አብረን እንወስዳለን፤ ልጃችን ለጋብቻ ሲጠየቅ ግን “አጥንቱ ከማን ነው?” እንላለን። ወገኖች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ከየት መጣ? በአንድ ደም የተዋጀን ከሆንን ሌላ የዘር ቈጠራ ከየት እናመጣለን? በጌታ እራት ወንድም ያልነውን ሰው በሠርጉ ጊዜ ባዕድ ካደረግነው፣ አርነት ወጥቶ የሚገባበትን ቤት ከፊቱ ዘጋንበት።

ስለዚህ እንግዲህ፦

ሀ. ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ ለጋብቻ ምክር የሚመጡ ልጆች በዘር ምክንያት ሲከለከሉ ዝም አትበሉ፤ ወላጆችን ጠርታችሁ በቃሉ ምከሩ።

ለ. ወላጆች፣ የሚመጣውን ልጅ እምነቱንና ምግባሩን መርምሩ፤ ይህ ድርሻችሁ ነው። አያቱ ምን ነበሩ የሚለውን ግን ተዉት።

ሐ. ሠራተኛ ያላችሁ፣ በሰማይ ጌታ እንዳላችሁ እያወቃችሁ ጽድቅንና ቅንነትን አድርጉላቸው (ቈላ. 4፥1)።

ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች እንዳስተማረው፣ ለነጻነት የተጠራነው ለሥጋ ምክንያት እንዲሆንልን ሳይሆን በፍቅር እርስ በርሳችን እንድናገለግል ነው (ገላ. 5፥13)። ፊልሞና ለዚያ መልእክት ምን ብሎ እንደ መለሰ መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። የእኛ መልስ ግን በሽምግልና በምንቀመጥበት ዕለትና በየቤታችን ማጀት ውስጥ ይታያል።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።