የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ምዝገባ፤ ከ1943 ዓ.ም. እስከ ዛሬ

ስለ ከፍተኛ ትምህርታችን ታሪክ ሲነገር በብዛት የሚወሳው የተቋማቱ አመሠራረት፣ የተማሪዎች እንቅስቃሴና የተመራቂዎች ቁጥር ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን በሬጂስትራር ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ስሙን የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ግን እንደ ተራ የቢሮ ጉዳይ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ማን ይገባል? ምን ያጠናል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልሳቸው የሚጻፈው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ የምዝገባውን ታሪክ በቅደም ተከተል ተመልክቶ፣ የአሠራሩ መለዋወጥ እንደ ማንኩሽ ካለች የዳር አገር ከተማ ለሚነሣ ወጣት ምን ትርጉም እንዳለው ለማኅበራችን አባላት ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚደንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የነበሯት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሲሆኑ፣ ከነዚሁም መካከል በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና ከርሱ ቀጥሎ የተቋቋመው ጄኔራል ዊንጌት ስመ ጥሮች ነበሩ። ሠላሳ ሦስት ሰው ለመመዝገብ አንድ ባሕር መዝገብና አንድ ጸሐፊ ይበቃል፤ መምህሩም ተማሪውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ለይቶ ማወቅ ይችላል።

ከ1944 እስከ 1947 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የኢንጂኔሪንግ ኮሌጅ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የቆመው የሕንፃ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከታትለው ተመሠረቱ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ራሱን የቻለ ተቋም ስለ ነበረ የየራሱን ተማሪዎች የሚቀበለው ለብቻው ነበር። ወጣቱ የሚመዘገበው በአንድ ሙያ በር ነበር ማለት ነው፤ ኢንጂኔር ለመሆን የፈለገ ወደ ኢንጂኔሪንግ ኮሌጅ ይሄዳል፤ የጤና መኮንን ለመሆን የፈለገ ወደ ጎንደር ይጓዛል።

ሬጂስትራር የሚባለው ሥርዓት

በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ፣ ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ። ለዚህ ሥራ ጥናት ካደረጉት መካከል ከአሜሪካ የዩታህ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ይገኝበታል። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ የትምህርት ሥርዓት የተለመዱት ሴሚስተር፣ ክሬዲት፣ ግሬድና ፍሬሽማን የሚሉት ቃላት ከነአሠራራቸው ሥር ሰደዱ። እስከ ዛሬም በተማሪው አፍ ላይ ይገኛሉ።

የክሬዲት ሥርዓት ምዝገባን ከስም መጻፍ አልፎ ወደ ውል አሸጋገረው። ተማሪው በሴሚስተሩ የሚወስዳቸውን ትምህርቶች በቅጽ ላይ ይሞላል፤ አማካሪ መምህሩ አይቶ ይፈርማል፤ ሬጂስትራር ያጸድቃል፤ የተወሰነው ቀን ሳያልፍም አንዱን ኮርስ ጥሎ ሌላውን መጨመር ይቻላል። የመግቢያው መመዘኛ በተለምዶ «ማትሪክ» የሚባለው የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ነበር። ፈተናው በር ሆነ፤ ምዝገባው ደግሞ የበሩ ቁልፍ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚህም ምክንያት የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በዚሁ ዘመን ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጉዳይ በአንድ ማዕከል ዓይን የሚታይ ሆነ። ያን ጊዜ ጉባ በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ፣ አሶሳ ደግሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። ከሁለቱም ስፍራዎች ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት መጨረሻው አዲስ አበባ ወይም ከዚያው የራቀ ሌላ ከተማ ነበር።

ከምርጫ ወደ ምደባ

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የተቋማቱ ቁጥር በፍጥነት አደገ። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዳር፣ መቀሌና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የመሰናዶ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ስለ ተተካ የፍሬሽማን ዓመት ቀረ፤ ተማሪው ገና ከመምጣቱ የሚማርበት ተቋምና የትምህርት መስክ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚታወቅ ሆነ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም ከመቶ ተማሪ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። በኛ ሙያ የሚመዘገበው ወጣት እንዲበዛ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን የፍሬሽማኑ ዓመት ተመለሰ፤ የዲፓርትመንት ምርጫም ወደ ኋላ ተላለፈ።

ሌላው መታወስ የሚገባው ለውጥ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ነው። አዲስ ገቢው ተማሪ በምዝገባው ጊዜ የሚሞላው ቅጽ፣ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው የሚከፍለውን ዕዳ የሚያስታውቅ ውል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት በሕይወቱ የሚፈርመው የመጀመሪያው ከባድ ሰነድ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢ ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የሪሚዲያል ትምህርትም በዚሁ ሳቢያ ተጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ወደ መቀበል ተሸጋግሯል። ተቋሙ ተማሪውን ራሱ የሚመርጥበት የ1940ዎቹ አሠራር በአንድ በኩል ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከማንኩሽ ሲታይ

የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ማንኩሽ ከዓባይ በስተሰሜን፣ ወደ ሱዳን ድንበር ተጠግታ ትገኛለች። የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳ ግን ከዓባይ በስተደቡብ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በማንቡክ፣ በግልገል በለስ፣ በቻግኒና በእንጅባራ ያልፋል። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በዚሁ በጉባ ተጣለ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውም በ2003 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ዓመት መጀመራቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አንደኛው ውኃን፣ ሁለተኛው ወጣትን ለማከማቸትና ለጥቅም ለማዋል የተጀመሩ ናቸውና።

አሁን ያለው አሠራር ይህን ይመስላል። ትምህርት ሚኒስቴር ምደባውን ይገልጻል፤ ተማሪው የተመደበበት ዩኒቨርሲቲም የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው እንደ ልማዱ አንድ ወይም ሁለት የምዝገባ ቀን ይወስናል፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። ተማሪው ሰነዱን ካስመረመረ በኋላ የወጪ መጋራቱን ቅጽ ይሞላል፤ መታወቂያ፣ የመኝታ ክፍልና የምግብ ካርድ ይቀበላል። በማስታወቂያው መጨረሻም ከተጠቀሰው ቀን ውጪ የሚመጣ ተማሪ እንደማይስተናገድ ይጻፋል።

ይህ ዝርዝር ለአዲስ አበባ ልጅ የአንድ ቀን ድካም ነው። ከጉባ የገጠር ቀበሌ ለሚነሣ የጉሙዝ ልጅ ግን የመንገድ ገንዘብ፣ የኮፒና የፎቶግራፍ ቤት፣ የመገናኛ አውታርና የመንገድ ሰላም በአንድ ጊዜ እንዲሟሉለት ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤቱ የተቃጠለበት ተማሪ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን ከየት ያመጣል? ፈተናውን በዕውቀቱ አልፎ ሳለ በወረቀት ጉድለት ከመስኮቱ ቢመለስ፣ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ከግድቡ ጎን ተወልዶ ተርባይኑን ሊጠብቅ የሚችለው ኢንጂኔር ጭምር ቀርቷል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

በሰባ ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሚወስነው አካልና የሚወሰንበት ጊዜ ነው። ሰነዱንና መንገዱን የመሸከሙ ግዴታ ግን እስካሁን በተማሪው ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ መልካም ነው እላለሁ። አንደኛ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በመንግሥት እጅ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ መንግሥት ራሱ የያዘውን ማስረጃ ተማሪው በወረቀት እንዲያመጣ ከማስገደድ ይልቅ ሬጂስትራሩ ከምንጩ ቢያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ የሰነዱ ምርመራ በዞን ከተማ ወይም በአቅራቢያ ባለው ዩኒቨርሲቲ እንዲከናወን ቢፈቀድ፤ የምዝገባውም ቀን የመንገዱን ርቀት ግምት ውስጥ ቢያስገባ። ሦስተኛው የኛ ፈንታ ነው። በግድቡና በመንገዱ ሥራ ወደ ጉባ የተመላለስን የማኅበሩ አባላት፣ በማንኩሽ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩትን ልጆች ስለ ምደባው ምርጫ፣ ስለ ቅጹና ስለ ውሉ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ብናስረዳ ወጪው ኢምንት ነው።

ቀያሽ የመጀመሪያውን ችካል ባስተካከለ ጊዜ የሕንፃው ማዕዘን ይጸናል። ምዝገባም የተማሪው የመጀመሪያ ችካል ነው። የ1943ቱ መዝገብ 33 ሰዎችን በስማቸው ያውቅ ነበር፤ የዛሬው መዝገብ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩትን በዚያው መጠን ባያውቅ እንኳ፣ ከማንኩሽ የመጣውን ልጅ ቢያንስ መቆጠር ከሚገባቸው መካከል እንዳይዘነጋው ማድረግ ይቻላል።