ማነጻጸርና ማስፈቀድ፦ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት መንገድ ከአር-ራዚ እስከ ዛሬ



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ የጀመዓችን አባት የታጠፈች ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡን። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ። ሆስፒታል አዲስ መድኃኒት ሊሞክሩብኝ ነው፤ ይፈርሙ አሉኝ። አይጥ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ?» አሉን።

ምላሳችን ላይ ቀድሞ የመጣው «ይቅርብዎት፣ አይፈርሙ» የሚል ነበር። ወረቀቱን ግን ገና አላነበብነውም። ያለ ዕውቀት ፈትዋ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መድረሳ ቁጭ ብለን ተምረናል፤ በሰው ጤና ላይ ግን ሳናነብ ልንፈርድ ምንም አልቀረንም። አስተግፊሩላህ! «አባባ፣ ጥቂት ቀን ይስጡን፤ እናንብብ» ብለን ለመንናቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

ያገኘነው ባጭሩ ይህ ነው። ትክክለኛ የሕክምና ሙከራ የሚቆመው በሁለት እግር ነው። አንደኛው ማነጻጸር ነው፦ መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ማስተያየት። ሁለተኛው ማስፈቀድ ነው፦ ሰውየውን ነግሮ፣ አስረድቶ፣ እሺታውን መቀበል። የሰው ልጅ የመጀመሪያውን ቀድሞ አገኘው። ሁለተኛው እስኪገኝ ግን ብዙ ዘመን አለፈ፣ ብዙ ሰውም ዋጋ ከፈለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሬይ ከተማው ሐኪም

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ በ865 ገደማ ሬይ ውስጥ ተወለደ። ሬይ ዛሬ ከቴህራን ጋር የተያያዘች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያችው ከተማና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርቷል፤ በ925 ገደማም አረፈ። የሕክምና ማስታወሻዎቹ ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው «አል-ሓዊ» የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ ሆኑ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «ሰርሳም» ስለሚባል በሽታ ይናገራል። ዛሬ ማጅራት ገትር ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ራሱንና አንገቱን ለቀናት የከበደው፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ወደዚህ በሽታ እየሄደ ነው ይላል። ለዚህም ደም ሥር ከፍቶ ደም ማውጣትን፣ ማለትም ፈስድን ያዝዛል። ይህ እኛ ዋግምት ወይም ሒጃማ ከምንለው የተለየ ነው። ቀጥሎ የሚለው ነገር ግን በሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነው። አንዱን ቡድን ደም እንዳወጣላቸው፣ ሌላውን ቡድን ግን ጥርጣሬውን ለማጥራት ሆን ብሎ እንደተዋቸው ይገልጻል። የተተዉት በበሽታው እንደተያዙም ይጽፋል።

ሱብሓነላህ! ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በፊት አንድ ሐኪም «መምህሬ ብሏል» ብሎ አላለፈም፤ ሁለት ቡድን ለይቶ ልዩነቱን በዓይኑ ማየት ፈለገ።

ሆኖም በታሪካችን ስንኮራ እውነቱን መደበቅ የለብንም። ዛሬ ማጅራት ገትርን ደም በማውጣት የሚያክም የለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣው የሚታከመው በጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ራዚ ያነሳው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የደረሰበት መልስ ግን አልጸናም። ማን ወደ የትኛው ቡድን እንደሚገባ የለየው ሐኪሙ ራሱ ነበርና። ሐኪም ሲመርጥ ሳያስበው እንኳ የተሻሉትን ወደ አንድ ወገን ሊያደርግ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ሆን ተብለው የተተዉት ሰዎች ተጠይቀው እንደሆነ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ከእሱ በኋላ የመጣው ኢብን ሲና (980–1037) በ«አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» መድኃኒት የሚፈተንበትን ደንብ ዘረዘረ። መድኃኒቱ ከባዕድ ነገር የጠራ ይሁን፤ በተደራረበ በሽታ ሳይሆን በነጠላ በሽታ ይሞከር፤ ውጤቱ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ይታይ ይላል። በመጨረሻም ፈተናው በሰው አካል ላይ መሆን አለበት ይላል፤ በእንስሳ ላይ የታየው በሰው ላይ ላይሠራ ይችላልና። መድኃኒት ዛሬም በእንስሳ ላይ ከተሞከረ በኋላ በሰው ላይ ሳይፈተን የማይፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ማስፈቀድ የተናገሩት ፉቀሃዎቻችን ነበሩ። ሐኪም ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ከታማሚው ኢዝን (ፈቃድ) ካገኘና ድንበር ካላለፈ፣ ለሚደርሰው ጉዳት አይጠየቅም። ያለ ፈቃድ ቆርጦ ጉዳት ካደረሰ ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዷሚን ነው፤ ካሣ ይከፍላል። ይህ የተነገረው ስለ ተራ ሕክምና እንጂ ስለ ሙከራ አልነበረም። ሆኖም መሠረቱ ያው ነው፦ የሰው አካል ክቡር ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም።

አሥራ ሁለት መርከበኞች

አሁን ወደ እንግሊዝ መርከብ እንሻገር። በዚያ ዘመን በባሕር ላይ ለወራት የሚጓዙ ሰዎች ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ፣ ጉልበታቸው እየከዳ ያልቁ ነበር። በሽታው ስከርቪ ይባላል። የሚመጣው ከቫይታሚን ሲ እጥረት ነው፤ ይህ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በግንቦት ወር 1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ሐኪም ሳልስበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ 12 ሕመምተኞችን ወሰደ። በተቻለ መጠን ሕመማቸው ተመሳሳይ የሆኑትን መረጠ፤ ቦታቸውንና ምግባቸውንም አንድ አደረገ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ ለስድስት ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ የፖም መጠጥ፣ ለአንዱ በውኃ የቀጠነ አሲድ፣ ለአንዱ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውኃ፣ ለአንዱ በነጭ ሽንኩርትና በሰናፍጭ የተሠራ ቅምም ሰጠ። ለስድስተኛው ጥንድ ደግሞ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ሰጠ።

ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ። ይሁንና ብርቱካንና ሎሚ ከበሉት ሁለቱ አንዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራ ተነሳ፤ ሌላውም ከቀሩት ሕመምተኞች ሁሉ የተሻለው ሆነ። ሊንድ ይህን በ1753 አሳተመ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ እንዲሰጥ ያዘዘው ግን በ1795 ነው። ከሙከራው 48 ዓመት በኋላ! ማስረጃ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማ ጆሮ ይፈልጋል።

1947፦ ሦስት ነገር በአንድ ዓመት

የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። በዚህ ዓመት በሦስት አገሮች የሆነውን ጎን ለጎን አድርገን እንየው።

አንደኛው በእንግሊዝ። ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን አገሪቱ ልትገዛ የቻለችው ጥቂቱን ብቻ ነበር። ለሁሉም አይዳረስም። የሕክምና ምርምር ምክር ቤቱ 107 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለ፦ 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ እረፍት፣ 52ቱ በዘመኑ የተለመደውን የአልጋ እረፍት ብቻ። ክፍፍሉን ሐኪም አልመረጠውም። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በዕጣ ቁጥር አዘጋጅቶ በታሸገ ፖስታ ውስጥ አስቀመጠው። በፊቅህ ሰዎች እኩል መብት ሲኖራቸው አድልዎን ለማስወገድ የሚጣለውን ቁርዓ (ዕጣ) እናውቃለን፤ ይህም በሥራው ያንን ይመስላል። የራዚ ሙከራ ያጎደለው ይህንን ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሞቱ። ውጤቱ በ1948 ታትሞ ለዘመናዊ ሙከራ ሁሉ አርአያ ሆነ።

ነገር ግን ያለ መድኃኒት የተኙት ሰዎች ሙከራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም። ማነጻጸሩ ከምንጊዜውም በላይ ጠርቶ ሳለ ማስፈቀዱ ገና አልነበረም።

ሁለተኛው በጀርመን፣ ኑረምበርግ። በናዚ ማጎሪያዎች በእስረኞች ላይ አሰቃቂ ሙከራ ያደረጉ ሐኪሞችና ባለሥልጣናት ለፍርድ ቀረቡ። ተከሳሾቹ 23 ነበሩ፤ በነሐሴ 1947 ፍርድ ተሰጥቶ 7ቱ በኋላ ተሰቀሉ። ፍርድ ቤቱ ሙከራ በሰው ላይ የሚፈቀድበትን አሥር ነጥብም አስቀመጠ። የመጀመሪያው ነጥብ ያለ ማስገደድና ያለ ማታለል የተሰጠ የሰውየው ፈቃድ የግድ መሆኑን ይደነግጋል።

ሦስተኛው በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ቱስኪጊ። ከ1932 ጀምሮ የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን ይከታተል ነበር። 399ኙ የቂጥኝ በሽታ ነበረባቸው፤ 201ዱ አልነበረባቸውም። አብዛኞቹ ደሃ ገበሬዎች ነበሩ። «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተባሉ፤ ነጻ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ተሰጣቸው። ዓላማው እነሱን ማከም አልነበረም፤ በሽታው ሳይታከም ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር። በ1947 ፔኒሲሊን የቂጥኝ መድኃኒት ሆኖ በሰፊው ይገኝ ነበር። ለእነሱ ግን አልተሰጣቸውም።

ወገን፣ እናስተውል! ኑረምበርግ ላይ ናዚዎችን የፈረዱት አሜሪካውያን ዳኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት የገዛ አገራቸው መንግሥት የራሱን ዜጎች ያለ ፈቃድ፣ ያለ መድኃኒት ይመለከት ነበር። ነገሩ የቆመው አንድ የውስጥ ሰው ለጋዜጠኞች አጋልጦ በ1972 ዜና ሲሆን ነው። አርባ ዓመት! ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነበር።

በመሐል በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ፤ የታማሚው ደኅንነት ከዕውቀት ፍላጎት እንዲቀድም አሳሰበ። ዛሬ ያ አባት ኪሳቸው ውስጥ የያዟት ወረቀት የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰዎች በፊርማዋ ይፈራሉ፤ በታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ግን ፊርማ ያልተጠየቀበት ዘመን ነው።

ወደ ሀገራችን

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል ካለ፣ የእኛም ሰዎች ድርሻ አላቸው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ለረጅም ጊዜ 20 ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ሕክምናውን በ9 እስከ 11 ወር መጨረስ ይቻል እንደሆነ ለማወቅ «ስትሪም» የተባለ ሙከራ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም ተካሄደ። 424 ሕመምተኞች ተሳተፉ። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ረጅሙን ከወሰዱት 79.8 በመቶ፣ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶ ጥሩ ውጤት አገኙ። ተቀራራቢ ነው፤ ጊዜው ግን በግማሽ ገደማ አጠረ። ዕጣቸው ረጅሙ ላይ የወደቀውም ያለ ሕክምና አልቀሩም፤ ያለ እነሱ ደግሞ የአጭሩ ዋጋ አይታወቅም ነበር።

አሁን ያለው አካሄድ ደረጃ በደረጃ ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ በጤነኛ ጎልማሳ በጎ ፈቃደኞች ላይ ለደኅንነቱ ይታያል። ቀጥሎ በሽታው ባለባቸው በርከት ባሉ ሰዎች ላይ፣ በመጨረሻም በመቶዎችና በሺዎች ላይ ከነባሩ ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል፤ በሀገራችንም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ስጋትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ውጤቱ አስቀድሞ ቢታወቅማ ሙከራ ባላስፈለገ።

ለአባታችን የሰጠነው መልስ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። የትኛውን ሙከራ እንደምንገባ ግን በጅምላ የሚነገር ሑክም የለም፤ ጉዳዩ ከሰው ሰው ይለያል። ስለዚህ «ይፈርሙ» ወይም «አይፈርሙ» አላልናቸውም። አምስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው፦

1. የሚሞከረው ምንድን ነው? ከዚህ በፊት በሰው ላይ ተሞክሯል?
2. ዕጣዬ አዲሱ መድኃኒት ላይ ባይወድቅ ምን ሕክምና አገኛለሁ?
3. ሊደርስብኝ የሚችለው ጉዳት ምንድን ነው? ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል?
4. ባልፈርም ወይም በመሐል ባቆም የተለመደው ሕክምናዬ ይቋረጣል?
5. በሌሊት ቢያመኝ የምደውለው ለማን ነው?

አራተኛውን ሁለት ጊዜ እንዲጠይቁ አደራ አልናቸው። «አይቋረጥም» ካልተባሉ ያ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከልጃቸው ጋር ሄደው ጠየቁ፤ ሐኪሙም ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መለሰላቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የመጀመሪያው ቀን ፍርሃት አልነበረም። «ኡስታዝ፣ አይጥ እኮ አይጠየቅም» አሉን። ፈረሙ ወይስ ተዉት ብላችሁ ግን አትጠይቁን፤ እሱ የእሳቸው አማና ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። ለሌላው መዳን ሲሉ ራሳቸውን የሰጡትን ይመንዳ፤ ሳይጠየቁ የተጎዱትንም ሐቃቸውን ይመልስላቸው። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።