ከደመናው በታች የነበረው ሌላው ልጅ

በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ሰማይ ላይ ስትበታተን፣ ፕሬዚዳንት ሬጋን በዚያው ዕለት ለሕዝባቸው ያደረጉትን ንግግር የዘጉት ከአንድ ግጥም በወሰዷቸው ቃላት ነበር። የግጥሙ ባለቤት ከሞተ 44 ዓመት አልፎታል። ሲሞት 19 ዓመቱ ነበር።

ጆን ጊሌስፒ ማጊ ይባላል። አባቱ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት፤ የተወለደው ደግሞ ሻንጋይ። ዬል ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉን ትቶ በ1940 የካናዳ አየር ኃይልን ተቀላቀለ። ያኔ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። በቀጣዩ ዓመት ዌልስ ውስጥ ስፒትፋየር የሚባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ላይ፣ በጣም ወደ ላይ አውጥቶ ካበረረ በኋላ ግጥሙን ጻፈና ለወላጆቹ በደብዳቤ ላከው። ከዚያ በሦስት ወር ገደማ ሞተ።

ስለ ማጊ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ገጣሚ፣ አብራሪ፣ በጦርነቱ ሞተ፣ በቃ። እኔን የያዘኝ ግን አሟሟቱ ነው።

ሊንከንሺር በምሥራቅ እንግሊዝ ያለ ሜዳማ አገር ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ የአየር ማረፊያ በማረፊያ ሆኖ ነበር። የማጊ 412ኛ ስኳድሮን የሚነሳው ዲግቢ አጠገብ ካለችው ከዌሊንጎር ነው። ከዲግቢ ትንሽ ወደ ደቡብ ደግሞ ክራንዌል አለ፤ እዚያ አብራሪዎች ይሠለጥናሉ። ተዋጊውና ተማሪው አንድ ሰማይ ይጋራሉ ማለት ነው።

ዲሴምበር 11፣ 1941 (በእኛ ታኅሣሥ 2 ቀን 1934)፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ። ማጊ ከሌሎች ሦስት ስፒትፋየሮች ጋር በደመናው መሐል በተከፈተ ቀዳዳ በፍጥነት እየወረደ ነው። ሮክሶልም ከምትባል ትንሽ መንደር በላይ፣ ከደመናው ሥር ልክ እንደወጣ፣ ከክራንዌል የተነሳ ኦክስፎርድ የተባለ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ባለሁለት ሞተር ነው፣ አብዛኛው አካሉ እንጨት። ከፍታው 1,400 ጫማ፣ ወደ 425 ሜትር።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ በአንድ ቅጽበት አንድ ሜሞሪ ላይ ሲጽፉ ሬስ ኮንዲሽን እንለዋለን። የሚያናድደው ነገር ለየብቻ ስትፈትኗቸው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። እዚህም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ለማረፍ ከደመናው በታች መውጣት አለበት፣ መውጫውም ቀዳዳው ነው። መሬት እያየ የሚበር ተማሪ ደግሞ ከደመናው በታች መቆየት አለበት። ደመናው ዝቅ ባለ ቁጥር ሁለቱም ወደ አንድ ስስ ንብርብር ይገፋሉ። ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሬዲዮ እየተጠያየቁ ይበራሉ፤ ከተቀራረቡ መሣሪያው አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። ያኔ የነበረው ዓይን ነው። የባሕር ዳርቻው ራዳር እንኳ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ጀርመኖችን ይጠብቅ ነበር።

በኋላ በተደረገው ምርመራ አንድ ገበሬ ያየውን ተናግሯል። የስፒትፋየሩ አብራሪ የመስታወት ክዳኑን ወደ ኋላ ለመግፋት ሲታገል ነበር። ከፈተው፣ ቆመ፣ ሊዘል ሲል ግን መሬቱ ደርሶ ነበር፤ ፓራሹቱ ለመዘርጋት ቦታ አጣ። ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ የአየር ግጭትን ትተን፣ ከ425 ሜትር ዝም ብሎ የተለቀቀ ነገር በ9 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። ማጊ ደግሞ ቀድሞውኑ ወደ ታች እየወረደ ነበር። እስቲ ክዳን ለመክፈትና ለመቆም ስንት ሰከንድ እንደሚበቃ አስቡት።

ኦክስፎርዱን ያበር የነበረውም ሞተ። ኧርነስት ኦብሪ ግሪፊን ይባላል፤ ገና ተማሪ ነበር። እሱም 19 ዓመቱ።

ልጆቹ የሞቱት ጠላት በሌለበት ሰማይ ነው፤ በዚያ ጦርነት ደግሞ ይሄ ብርቅ አልነበረም። የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ብቻውን ከ55,000 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ከእነዚህ ወደ 8,000 የሚጠጉት በሥልጠናና በአደጋ ያለቁ ናቸው። አብራሪ በጥድፊያ ይፈለጋል፣ ስለዚህ በጥድፊያ ይሠለጥናል፣ በመጥፎ አየርም ይበራል። ጀርመን በአሜሪካ ላይ ጦርነት ያወጀችው እኮ በዚያችው ዕለት ነው።

የማጊ ግጥም በሁለት ወር ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 1942፣ ዋሽንግተን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለኤግዚቢሽን ቀረበ፤ የእጅ ጽሑፉም ዛሬ እዚያው ነው። ስኮፕዊክ ባለው መቃብሩ ላይ ከግጥሙ የተወሰዱ ስንኞች ተቀርጸዋል። ግሪፊን ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስለ ማጊ በተጻፈ ታሪክ ውስጥ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም «ከማጊ ጋር የተጋጨው» ተብሎ። እኔ ይሄ አነጋገር አይዋጥልኝም። ከላይ፣ በፍጥነት፣ ከደመና ውስጥ የወጣው ስፒትፋየሩ ነው።