አዋጅ ነጋሪና እንደራሴ

እኛ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች አንድ ደብዳቤ ተጽፎ፤ ቁጥር ተሰጥቶት፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ጉዳዩ የተፈጸመ ይመስለናል። ነገር ግን ሕግ ሥራውን የሚጀምረው ከሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ከሚመሰክሩት አገሮች አንዱ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። የቀድሞው የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ከነበረችው ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የለጋምቦን ብርዳም ደጋ ማቋረጥ አለበት። ወደ ምዕራብ ቢሄድ ደግሞ ደጋው እያዘቀዘቀ ከዓባይ ቆላ ይጥለዋል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። በእንዲህ ያለ አገር የመንግሥትን ነገር ለሕዝብ የሚያደርስ ሰው ማን እንደ ነበረ መመርመር ይገባናል።

በጥንት ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው አዋጅ ነጋሪው ነበረ። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ቃሉን ይለቅቃል። ይህ ሥርዓት ኃይል አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ ሠራዊቱ በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዙ። ወረኢሉም የዚሁ የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። ሰው ስንቁን ይዞ የተነሣው ስለ ታዘዘ ብቻ አይደለም፤ የመጣው ጠላት ምን ሊወስድበት እንደ መጣ ስለ ተነገረውና ስለ ገባው ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። ስሙ ከነጋሪቱ ተወሰደ፤ ድምፁ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሕግ ታትሞ መውጣቱ ታላቅ እርምጃ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ዝም ያለ ነጋሪት ነበረ። ስለዚህ አንባቢና አስረጂ የሚሆን ሰው አስፈለገ፤ እርሱም እንደራሴ ነው።

እንደራሴ የሚለው ቃል «እንደ ራሴ ሆኖ የሚሠራ» ማለት ነው። ነገር ግን የማን ራስ ነው? በቀድሞው ዘመን ጠቅላይ ገዢው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባል ነበር፤ የምክር ቤቱም አባል የሕዝብ እንደራሴ ተባለ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በተሰጠው ሕገ መንግሥት መሠረት የምክር ቤቱን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ጠቅላላ ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። ነገር ግን የፖለቲካ ማኅበር አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እንደራሴው በስሙ የሕዝብ ሲሆን በኑሮው ከገበሬው የራቀ ሊሆን ይችል ነበር።

የዚህ ርቀት ዋጋ በ1960 ዓ.ም. ተገለጠ። በዚያ ዓመት አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል በአዋጅ ተደነገገ። አዋጁ በምክር ቤት ተመክሮበት የወጣ ነው፤ አሥራት መቅረቱም ለገበሬው የሚጠቅም ሊሆን ይችል ነበር። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ያለው ገበሬ ግን ገማቾች ሲመጡበት ርስቱ ሊለካበት፤ ከዚያም ሊወሰድበት ነው ብሎ ሰጋ፤ ብዙዎችም መሣሪያ አነሡ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ተለወጡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ለአመፁ ሌላም የቆየ ምክንያት ነበረው፤ ቢሆንም የግብሩን ነገር ገበሬው የሚያምነው ሰው አስቀድሞ ቢያስረዳው ኖሮ ስጋቱ በቀለለ ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚህ የሚብሰው ወሬ ወደ ላይ ሳይወጣ የቀረበት ጊዜ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲያልቅ የሹማምንቱ ወረቀት ሥራውን አላቋረጠም፤ የሕዝቡ ጩኸት ግን ታፍኖ ቆየ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ታየ፤ ለአገራችን ሕዝብ የታየው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የወሎን መከራ ከወሎ እንደራሴዎች አፍ አስቀድሞ የባዕድ መሣሪያ መናገሩ እስከ ዛሬ የሚያሳፍር ነገር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ፤ የጭሰኝነትንም ቀንበር ሰበረ። ይህን አዋጅ ለገበሬው ካስረዱት መካከል ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎችና መምህራን ይገኙበታል። የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ነገር ግን እነዚህ ማኅበራት በኋላ የእህል ኮታና የውትድርና ትእዛዝ ማውረጃ በመሆናቸው እንደራሴነታቸው ቀርቶ አዋጅ ነጋሪነታቸው ብቻ ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የተለየ ቃል አለው። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፤ ለሕዝቡ ፈቃድና ለኅሊናው ነው፤ መራጩ እምነት ካጣበትም ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ምክር ቤቱም በሥራ ዘመኑ መካከል የ1 ወር ዕረፍት ሊወስድ እንደሚችል ተጽፏል። ይህ ጊዜ ተመራጩ ወደ መራጮቹ እንዲመለስ የተመቸ ነው።

እንግዲህ ተመራጭ ወደ መካነ ሰላም ሲመጣ ምን ይበል? ስለ መሬት ይዞታ ወይም ስለ ግብር አዲስ ሕግ ወጥቶ እንደ ሆነ ምን እንደሚሰጥ፤ ምን እንደሚወስድ፤ የተበደለ ሰውም አቤቱታውን ወዴት እንደሚያቀርብ በቀላል አማርኛ ይንገር። የመንግሥትን ሥራ ማመስገን ብቻ የመጣበትን ጉዳይ አያደርስለትም። ነገሩን ከጨረሰ በኋላ ይቀመጥና ያድምጥ፤ የሰማውንም ጽፎ ይዞ ይመለስ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «ያላችሁኝን ተናግሬ ይህን መልስ አገኘሁ፤ ይህን ግን አላገኘሁም» ብሎ ቢገልጥ ሕዝቡ ያላገኘውን እንኳ ይታገሠዋል።

እኛም ጸሓፊዎች ከዚህ የምንማረው አለ። ቁልቁል ብቻ የሚያወርድ ሰው አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ሽቅብም የሚያደርስ እርሱ እንደራሴ ነው። ከወረዳ የሚመጣው ደብዳቤ በመዝገብ ቤታችን ተኝቶ ሲያድር ያፈንነው ድምፅ የአንድ ሙሉ አገር ድምፅ ሊሆን ይችላል። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው፤ ሰላምም ተናግሮ ከመሰማት ይጀምራል።