የዶልፊንና የዓሣ ነባሪ አንጎል የኅብረ ሕዋስ ጥናት

የዶልፊንና የዓሣ ነባሪን ነርቭ ሥርዓት በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ዘርፍ ነው። ናሙናው በአብዛኛው ባሕር ዳር ወጥተው ከሞቱ እንስሳት ይወሰዳል። አንጎል ቶሎ ስለሚበሰብስ ሳይዘገይ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ለጥናት አይበጅም። ከጠነከረ በኋላ በስሱ ተቆርጦ፣ የነርቭ ሕዋሳትን ሐምራዊ አድርጎ በሚያወጣው የኒስል ቀለም ይነከራል።

የአንጎል ቅርፊት

የቦትልኖዝ ዶልፊን አንጎል 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እጥፋቱ ከሰው ይበዛል፤ ቅርፊቱ ግን ስስ ነው። በሰው ቅርፊት የስሜት ሕዋሳት መልእክት በዋናነት የሚደርስበት አራተኛው ንጣፍ እዚህ ወይ የለም ወይ ለመለየት ያዳግታል። መልእክቱ የሚገባው ወፍራም በሆነው በአንደኛው ንጣፍ በኩል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትሪክ ሆፍና ኤስተል ቫን ደር ጉኽት በሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ቅርፊት ውስጥ እንዝርት የሚመስሉ የፎን ኤኮኖሞ ሕዋሳትን ማግኘታቸውን አሳተሙ። ቀደም ሲል እነዚህ ሕዋሳት የሰውና የታላላቅ ዝንጀሮዎች ብቻ ይመስሉ ነበር። የማኅበራዊ ኑሮ ምልክት ናቸው የሚለው አባባል ግን በጥንቃቄ ቢያዝ ይሻላል፤ ብቻውን መኖር በሚመርጠው ፒግሚ ጉማሬ ላይም ታይተዋል።

የሙቀት ክርክር

በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲው ፖል ማንገር በ2006 ያሳተመው ጽሑፍ ብዙ አነጋግሯል። በእሱ አባባል የዶልፊንና የዓሣ ነባሪ አንጎል የገዘፈው ለብልህነት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሙቀት ለማመንጨት ነው። ማስረጃው የነርቭ ሕዋሳትን የሚደግፉት የግሊያ ሕዋሳት ብዛት ነበር። ሎሪ ማሪኖና ባልደረቦቿ በ2007 በሰጡት መልስ የእንስሳቱን ባህርይ፣ የቅሪተ አካል መረጃና የቅርፊቱን ውስብስብነት ጠቅሰው ተቃወሙት። የግሊያ መብዛት ራሱ በትልልቅ አንጎሎች የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ጠንካራ ማስረጃ አይመስልም። በ2014 የወጣ ቆጠራ ደግሞ ባለ ረጅም መቅዘፊያው ፓይለት ዓሣ ነባሪ በቅርፊቱ 37.2 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት አሳየ፤ ይህም ከሰው እጥፍ የተቃረበ ነው።

ማንገር ግን አልተወውም። በ2021 ከሌሎች ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ሙቀት በማመንጨት የሚታወቀው ዩሲፒ-1 ፕሮቲን ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት የእንስሳቱ የቅርፊት ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ መገኘቱን ገልጿል። ሰኮናቸው በተሰነጠቀ የየብስ ዘመዶቻቸው መጠኑ ከ35 በመቶ በታች ነው። የፕሮቲኑ መገኘት ሕዋሱ ማሰቡን አይከለክልም።

ሕብለ ሠረሠር

ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ የኋላ እግር ስለሌላቸው በወገብ በኩል ያለው የሕብለ ሠረሠር እብጠት እምብዛም አይታይም።