የሚመለስ እንግዳ

አጎቴ በግራ ክንዳቸው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ጠባሳ አለቻቸው። ልጆች ሳለን ለውዱእ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ እናያትና "ይህቺ ምንድን ናት?" እንላቸው ነበር። እሳቸውም "ማኅተሜ ናት" ይሉናል። በመድረሳ ቆይቼ ከፍ ስል "ከተበ" ማለት በዐረብኛም በግዕዝም "ጻፈ" ማለት እንደ ሆነ ዐወቅሁና የአጎቴ ቀልድ ገባኝ። በአማርኛችን ክታብም ክትባትም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አንዱ በብራና ላይ፣ ሌላው በሥጋ ላይ ይጻፋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለልጃገረዶች ሊሰጥ ሲል ሦስት ወላጆች ወደ እኔ መጥተው "ኡስታዝ፣ ከውጭ የመጣ መርፌ ነው ይላሉ፤ ምን ይሻላል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጣጣ ፈርቼ "እናንተ እንዳያችሁት" አልኋቸው። በማግሥቱ ሦስቱም ልጆች ቀሩ። የመምህር ዝምታም ምክር እንደ ሆነ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ጉዳዩን ለአጎቴ ባወራቸው ጊዜ አልተቆጡኝም። "እኔ የፈረንጁን በቅሎ ስስብ የሆነውን ነግሬህ አላውቅም?" ብለው ጀመሩ።

የአጎቴን ታሪክ ከማቅረቤ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከባሕር ማዶ ሐኪም ወደ ጎንደር ሲመጣ አጎቴ ያዩት የመጀመሪያው አልነበረም። በ1698 ሐጂ ዐሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ተልኮ ለንጉሡ ሕመም መድኃኒት ዐዋቂ ፍለጋ በካይሮ ነበር። ያገኘው ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ነው። በሱዳን በረሃና በስናር በኩል አድርገው ከአንድ ዓመት በላይ ተጓዙ። አብሯቸው የተነሣው ሌላ ፈረንሳዊ ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ በሐምሌ 1699 ጎንደር ገብቶ ንጉሡን አከመና በተከታዩ ዓመት ተመለሰ። መጻሕፍቱ የፖንሴን ስም ከፍ አድርገው ይጽፋሉ፤ ሐኪሙን ፈልጎ ያመጣው ግን ነጋዴው ነበር።

ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1770 መጀመሪያ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በትግራይ በኩል መጣ። የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በወገራ አቋርጦ በየካቲት ጎንደር ደረሰ። የተቀበለውና ያሳደረው የጎንደር ሙስሊሞች አለቃ ነጋድራስ ሙሐመድ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ከተማይቱን ይፈጅ ነበርና ብሩስ የእቴጌ ምንትዋብ መኖሪያ ወደ ነበረው ቁስቋም ተጠራ። ሐኪም አልነበረም፤ ለጉዞው ሲል ጥቂት ሕክምና የተማረ ሰው ነው። የታፈኑትን ክፍሎች በርና መስኮት አስከፈተ፤ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የመሳፍንት ልጆች የሞተም የዳነም ነበረ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ከዳኑት አንዱ ስለ ነበር እናቲቱ የብሩስ ባለውለታ ሆና ቀረች።

እነዚህ ሁለቱ ቤተ መንግሥትን አከሙ። የገጠሩ ሰው ተራ የደረሰው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ተባበሩበት። የመጀመሪያዎቹ መምህራን አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኮሌጁ ያፈራቸው ግን የሀገር ልጆች ናቸው፦ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች። ዓላማውም ተማሪው ከሆስፒታል ግድግዳ ወጥቶ በገጠር እንዲሠራ ነበር።

አጎቴ የገቡበት ዘመቻ በጥር 1971 የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ይህም በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ነበር። ከዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጋር የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ቀጥሎም የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ። ብዙዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። በአብዛኛው አንድ የውጭ ወጣት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ጋር ሆኖ ከመኪና መንገድ የአንድና የሁለት ቀን ጉዞ ይሄድ ነበር። የያዙት መሣሪያም ቀላል ነው፦ ሙቀት የሚችል የደረቀ ክትባት፣ ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላት መርፌ፣ የታመመ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ። ካርዱን በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ "እንዲህ ያለ ሕመም የት አያችሁ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሕመሙ ካለበት መንደር ሲደርሱ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከትበው በሽታውን ያጥሩታል። ሀገሩን በሙሉ ለመክተብ የሚበቃ ሰው አልነበረምና ያዋጣው ይህ ዘዴ ነው።

አጎቴ ያን ጊዜ በደባርቅና በዳባት ገበያ መካከል ጨውና ቡና በበቅሎ የሚያመላልሱ ጎረምሳ ነበሩ። መንገዱን ስለሚያውቁ ተቀጠሩ። ከሊማሊሞ ሥር ወደ አንዲት መንደር ሲደርሱ ግን ልጅ የሚባል አልታየም፤ እናቶች በጎታና በጓዳ ደብቀዋቸዋል። ፈረንጁ ወጣት ተበሳጨ። ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ "ተቀመጥ፣ ቡና ይፈላ" አለው።

መንደርተኛው በከንቱ አልሰጋም። በሀገራችን የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዐይነት ሲሆን ከሚይዛቸው መቶ ሰዎች ዘጠና ስምንት ያህሉ ይድናሉ። ደግሞም በብዙ ቦታ ሰዉ ከታመመ ሰው መግል ወስዶ በጤነኛ ክንድ የሚከትብ የራሱ ባለሙያ ነበረው። ችግሩ በዚያ መንገድ የተከተበው ሰው በሽታውን ወደ ሌላ ማዛመት መቻሉ ነበር። ይህ ግን በአንድ ጧት ተነግሮ የሚታመን ነገር አይደለም።

"አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣" አሉኝ አጎቴ፣ "'ልጆቻችንን ወግታችሁ ብትሄዱና አንዱ ቢታመም ማንን እንጠይቃለን?' አሉ። ፈረንጁ መልስ አልነበረውም። እኔ ክንዴን ገለጥሁና 'መጀመሪያ እኔን ክተቡኝ፤ ገበያ ታገኙኛላችሁ፤ የደባርቅ ሰው ነኝ' አልሁ። በዚያ ቀን ከአሥር አይበልጡም የተከተቡት። በስምንተኛው ቀን ክትባቱ መያዙን ለማየት ስንመለስ ግን ሽማግሌው ራሳቸው ልጆቹን ሰልፍ አስይዘው ጠበቁን። 'የተመለሰ እንግዳ እንግዳ አይደለም' አሉ።"

ዘመቻው በአብዮቱ ሁከት መካከል አለፈ። ለሸለቆውና ለገደላማው አገር ሄሊኮፕተር እስከ መጠቀም ተደርሷል። በነሐሴ 1976 የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ ሕመምተኛ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በደቡብ ምሥራቅ ተገኘች። በጥቅምት 1977 በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በሶማሊያ በመርካ ተገኘ። በግንቦት 1980 ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። የሰላም ጓድም በ1977 ከኢትዮጵያ ወጣ።

ታዲያ ባሕር ተሻግሮ በገጠር የሚያገለግል ሰው ጥቅሙ ምንድን ነው? ዕውቀትና መሣሪያ ያመጣል፤ ወጣትነቱን ይሰጣል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። መተማመንን ግን በሻንጣ ይዞ መምጣት አይችልም። እሱን የሚያበድረው ሐጂ ዐሊ ነው፤ ነጋድራስ ሙሐመድ ነው፤ "የደባርቅ ሰው ነኝ" የሚለው በቅሎ ነጂ ነው። እንግዳው ይሄዳል፤ ተጠያቂው ይቀራል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የቀበሌዋን ልጅ አሠልጥኖ ለቀበሌዋ ሲመልስ ይህንኑ የተረዳ ይመስለኛል።

እኔም ያንን ብድር የተጠየቅሁ ዕለት ነበር የነፈግሁት። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሦስቱንም ቤት ዞርሁ። የማውቀውን ነገርሁ፤ የራሴ ልጅ መከተቧንም ተናገርሁ። ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን ላኩ። ሦስተኛው "ያኔ ለምን ዝም አልህ?" ብለው ጠየቁኝ። "ፈርቼ ነው" አልኋቸው። ቡና አጠጡኝ እንጂ ልጅቱን አልላኩም። ጥያቄያቸው ተገቢ ነውና አልተቀየምኋቸውም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ዛሬም ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።